በአሸዋው ወገብ ላይ፤ ስለ መጀመሪያ ኳድ ምርጫ የተደረገ ምልልስ

ከዱባይ ከተማ ወደ ሐታ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሄደ ሰው፣ የሻርጃን ግዛት በረሓ ሲያቋርጥ፣ አል በዳየር የሚባለውን ቀይ የአሸዋ ተራራ ያያል፤ ቁመቱ እስከ 100 ሜትር የሚገመት ሲሆን፣ መቅላቱም የአሸዋውን ቅንጣት ሁሉ ከለበሰው የብረት ዝገት የመጣ ነው። ሙቀቱ በበረደ ጊዜ፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት፣ የሳምንቱ ሥራ ሲያበቃ ከየከተማው የሚጎርፈው ወጣት በአራት ጎማ ሞተር፣ ሕዝቡ ኳድ በሚለው፣ ሲወጣበትና ሲወርድበት ይውላል፤ ከእነዚያም መካከል የሀገራችን ልጆች አይታጡም። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው በኋላ ግን መፍቻ ጨብጠው በሻርጃ ባረጁ አንድ ባለጋራዥና፣ በሆቴል ሥራ ተቀጥሮ ጥቂት ገንዘብ ባጠራቀመ ወጣት መካከል እንደ ተደረገ ሆኖ የተደረሰ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ የመጣሁት መኪና ላሠራ ሳይሆን ምክር ፍለጋ ነው። የኳድ መግዣ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ፤ ልቤም ያረፈው በያማሃ ራፕተር 700 ላይ ነው። ዳሩ ግን አንዱ ግዛ ሲለኝ ሌላው ተው ስለሚለኝ፣ ሐሳቤ ተከፋፍሎ እርስዎ ዘንድ መጣሁ።

ባለጋራዡ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግባና ተቀመጥ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀይ ተራራ በሐሳብህ ስትወጣው፣ ራስህን የምታየው ከምኑ ላይ ነው?

ወጣቱ፦ ከጫፉ ላይ ነዋ! ሌላ የት ልሆን?

ባለጋራዡ፦ ሻጩም፣ ፎቶግራፍ አንሺውም፣ ገዢውም የሚያስቡት ያንኑ ጫፍ ነው። እኔ ግን በዚህ ጋራዥ የተሰበረ መሪና የተጣመመ ዘንግ ሲመጣልኝ የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ ከወገቡ ላይ እንድታስበው እወዳለሁ። ግማሹን ወጥተህ ሞተሩ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ የኋላ ጎማዎች አሸዋውን እየዛቁ ራሳቸውን መቅበር ሲጀምሩ፣ ከላይ ሰማይ፣ ከታች ገደል፣ በዙሪያህም የሚመለከቱህ ጓደኞችህ ብቻ ባሉበት በዚያች ቅጽበት፣ ከበታችህ ያለው መሣሪያ ምን ያደርግልሃል? ለጀማሪ የሚሆነው ኳድ የሚመረጠው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው እንጂ፣ በሜዳ ላይ በሚያሳየው ፍጥነት አይደለም።

ወጣቱ፦ በዚያች ቅጽበት ሰው ምን ማድረግ አለበት? እኔ ነዳጁን አብዝቼ መስጠት ነበር የማስበው።

ባለጋራዡ፦ ነዳጅ ያበዛህ እንደ ሆነ ጉድጓድህን ትቆፍራለህ። ተራራው እንዳሸነፈህ ባወቅህ ጊዜ፣ ግስጋሴው ፈጽሞ ሳይሞት፣ መሪውን ወደ አንድ ወገን አዙረህ በሰፊ ቅስት ወደ ታች ትመለሳለህ፤ በዚህም የሚያፍር ሰው የለም። ያችን ጊዜ ካሳለፍሃት ግን ኳዱ ይቆማል፤ ከቆመም በኋላ ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል፤ ነጂውም በድንጋጤ የኋላውን ፍሬን በእግሩ ይረግጣል፤ ያን ጊዜ የኋላው ጎማ ሲያዝ የፊቱ ወደ ሰማይ ይነሣና፣ ሁለት መቶ ኪሎ የሚጠጋ ብረት በነጂው ደረት ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ኳድ የሚያዘው ደረትን ወደ መሪው አስጠግቶ፣ የፊቱን ፍሬን በእጅ ቀስ ብሎ በመጭመቅ ነው፤ ስትወርድም ከላይኛው ወገን ትወርዳለህ እንጂ ከታችኛው ወገን ፈጽሞ አትውረድ። ከዚህ በኋላ የኋላ ማርሽ ካለው በእርሱ ተረድተህ፣ ከሌለው ደግሞ በትከሻህና በወገብህ ኃይል፣ አፍንጫውን ወደ ታች ታዞራለህ።

ወጣቱ፦ እንግዲያውስ ነገሩ ቀላል ሆነ! ቀላሉን፣ ባለ 250 ሲሲውን ልግዛ ማለትዎ ነዋ።

ባለጋራዡ፦ አልቸኮልህም? አሸዋ እንደ ሌላው መንገድ አይደለም፤ ጎማው በእያንዳንዱ ዙር ስለሚሰምጥ፣ ሞተሩ ከሚያወጣው ጉልበት እጅግ የሚበዛውን ይበላበታል። በጠጠር መንገድ ደኅና የሚሮጥ ባለ 250 ሞተር፣ በዚህ ተራራ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ይታፈናል፤ ሁለተኛ ሲመለስ ደግሞ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። እንግዲህ ለደኅንነትህ ብለህ የገዛኸው ትንሹ ኳድ፣ ከምትፈራው ቦታ፣ ከወገቡ ላይ፣ ዕለት ዕለት ያቆምሃል ማለት ነው። ይልቁንም በርካሽ የሚሸጡት፣ የሌሎችን ሞተር አስመስለው የተሠሩት፣ ብየዳቸው የሚከፈት፣ መለዋወጫቸው ከዓመት በኋላ የማይገኝ ኳዶች አሉ፤ እነርሱን ለልጅ መጫወቻ እንኳ አልመርጣቸውም።

ወጣቱ፦ ባለ 450ዎቹስ? ጓደኛዬ ያማሃ ዋይኤፍዜድ 450አር አለው፤ ሲነዳው ያየሁ ጊዜ ልቤ ቀረ።

ባለጋራዡ፦ ልብህ ቢቀር አልፈርድብህም፤ ግሩም መሣሪያ ነው። ነገር ግን የተፈጠረው ለእሽቅድምድም ነው። ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ ከፍ አድርጎ ሲዞር ስለሆነ፣ ማርሹን በጊዜው መለወጥ የሚያውቅ እጅና እግር ይፈልጋል፤ ቀስ ብለህ የሄድህበት እንደ ሆነ ይነጫነጭና ይጠፋል። ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ፣ ቫልቮቹንም በየጊዜው ማስለካት ግዴታ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኋላ ማርሽ የለውም። በወገቡ ላይ ከቆምህ ወይም ጓደኛ መጥራት፣ ወይም ራስህ መግፋት ነው።

ወጣቱ፦ ስለ ባንሺስ ምን ይላሉ? ዐረቦቹ ድምፁን ሲሰሙ እንደ ዘፈን ነው የሚቆጥሩት።

ባለጋራዡ፦ እኔም ስሰማው ቆሜ አዳምጣለሁ፤ እውነቱን መደበቅ አልችልም። ያማሃ ባንሺን ያወጣው በ1987 ነው፤ 347 ሲሲ የሆነ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚጠጣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ በአሜሪካ እስከ 2006 ድረስ ተሽጧል። ጉልበቱ ግን ተኝቶ ይቆይና በድንገት ይነቃል፤ ጀማሪ እጅ ያን ድንገተኛ ንቃት ሊገዛው አይችልም። ሌላም ምሥጢር አለው። የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋራ በገባው ዘይት ስለሆነ፣ ከረዥም ተዳፋት ነዳጁን ዘግተህ ሞተሩን እያስጮህህ የወረድህበት እንደ ሆነ፣ ቤንዚኑ ሲቋረጥ ዘይቱም አብሮ ይቋረጥና ፒስተኑ ደርቆ ይነክሳል። ባለ አራት ምቱ ሞተር ግን ዘይቱ ከበታቹ ስላለ፣ ነዳጁን ስትዘጋ ራሱ እንደ ፍሬን ይዞልህ በጸጥታ ይወርዳል። ደግሞም ባንሺ የሚነሣው በእግር ምት ብቻ ነው። በተዳፋት ላይ፣ በአንድ እግርህ ቆመህ፣ ሁለቱን እጅህን ፍሬንና መሪ ላይ አድርገህ፣ በሌላው እግርህ ሞተር ማስነሣትን አስበው እስቲ።

ወጣቱ፦ አሰብሁት፤ አልወደድሁትም። እንግዲህ የቀረው ባለ 400ው ነው።

ባለጋራዡ፦ ከዚህ መድረስህ አይቀርም ነበር። ሆንዳ በ1999 ቲአርኤክስ 400ኢኤክስ የተባለውን አወጣ፤ 397 ሲሲ ነው፤ ሞተሩም ከታወቀው የበረሓ ሞተር ብስክሌቱ፣ ከኤክስአር 400 የተወለደ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ጥቂት ነገር ብቻ ያለውና ስለዚህም ጥቂት ነገር ብቻ የሚሰበርበት ነው። ይሁን እንጂ ዓመቱን ተመልከት፤ የኋላ ማርሽ ያገኘው በ2005 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራውን ምንም ንጹሕ ቢሆን ለአንተ አልመርጥልህም። ሱዙኪ ደግሞ በ2003 ኤልቲዜድ 400ን አመጣ፤ 398 ሲሲ ነው፤ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ የኋላ ማርሽ አለው፤ ከ2009 ጀምሮም ካርቡራተሩ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነዳጅ የሚረጭ ሆኗል። በእነዚያው የመጀመሪያ ዓመታት ካዋሳኪ ኬኤፍኤክስ 400 ብሎ የሸጠው ስሙና ልብሱ የተለወጠ ይኸው ሱዙኪ ስለሆነ፣ በገበያ ብታገኘው እንደ ባዕድ አትየው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እስካሁን ሰምቼዎታለሁ፤ አሁን ግን እርስዎም ይስሙኝ። በመጀመሪያ፣ በዚህ ሀገር ሙቀት በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር እንዴት ይሆናል? በአሸዋ ላይ ሞተሩ ብዙ ይደክማል፤ ኳዱ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነፋስ አያገኝም። ሁለተኛም፣ ወገቡ ላይ ስንቆም ምን ያደርግልናል ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ ራፕተር 700 ይመልሰዋል። 686 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ ከታች ጀምሮ የሚመጣ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ ነዳጅ የሚረጭ ስለሆነ ሲሞቅም ሲበርድም በአንድ ጣት ይነሣል፤ የኋላ ማርሽም አለው። ሦስተኛም፣ እዚህ ሻርጃ ውስጥ ለራፕተር የማይገኝ ቡሎን የለም፤ የሱዙኪውን መለዋወጫ ግን አፈላልጎ ማስመጣት ሊጠይቅ ይችላል። በእርስዎ ሚዛን ከመዘንነው ራፕተሩ እንዴት ይወድቃል?

ባለጋራዡ፦ አጥብቀህ ተከራከርህ፤ ደስ አለኝ። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ ሆንዳው የዘይት ማቀዝቀዣ ቢኖረውም፣ በሰኔና በሐምሌ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በአሸዋ ልንዳው ብትል ያምፃል። ግን በሰኔ ማን ይወጣል? መለዋወጫውንም አልክድም፤ ከጋራዤ እስከ ጎረቤቴ ድረስ የራፕተር ዕቃ ሞልቷል። እኔን የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ራፕተሩ ነዳጁ ሙሉ ሆኖ 190 ኪሎ ያልፋል፤ ጉልበቱም ገና ያልተገራ አውራ ጣት ሲነካው በሁለተኛ ማርሽ እንኳ የፊቱን ጎማ ያነሣዋል። በጠፍጣፋ ቦታ ይህ ውዳሴ ከንቱ ያመጣልሃል፤ በተዳፋት ላይ ግን መገልበጥ ያመጣል። ከዚህ በቀር፣ አዎን፣ በእኔ ሚዛን ራፕተሩ ከ450ዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ብዙ ሰው ከ700 ወደ 450 መውረድ ደኅንነት ይመስለዋል፤ ለጀማሪ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲያውስ አልተሸነፍሁም!

ባለጋራዡ፦ አልተሸነፍህም፤ አላሸነፍህምም። ሌላ ነገር ልንገርህና ትመዝነዋለህ። የሞተሩን መጠን ከመምረጥ ይልቅ የሚከብደው፣ በፊትህ የቆመውን ያገለገለ ኳድ ማወቅ ነው፤ አዲስ የሚገዛ ገንዘብ እንደሌለህ አውቃለሁና። ሻጩ ዘንድ ስትደርስ፣ ሰላምታ ከሰጠህ በኋላ አስቀድመህ የምታደርገው እጅህን በሞተሩ ላይ ማኖር ነው። ሞቆ ካገኘኸው፣ ሻጩ ከመምጣትህ በፊት ያስነሣው በብርዱ አልነሣ ስለሚለው ይሆናልና፣ ሻይ ጠጥተህ እስኪበርድ ጠብቅ። ከዚያም ኮርቻውን አንሥተህ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ክፈት፤ ማጣሪያው ስፖንጁ በዘይት የራሰ መሆን አለበት፤ እርሱን ማየት ግን አይበቃም፤ አውጥተኸው፣ ከእርሱ በስተኋላ ወደ ሞተሩ በሚወስደው የጎማ ቧንቧ ውስጥ ጣትህን አግባ። ጣትህ በአሸዋ ከሻከረ፣ ዋጋው ግማሽ እንኳ ቢሆን አመስግነህ ሂድ። በማጣሪያው ያለፈ አሸዋ ከዘይቱ ጋራ ሲገናኝ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ ይኖራል፤ አንተም የምትገዛው ከውጭ የታጠበ፣ ከውስጥ ያለቀ ሞተር ይሆናል።

ወጣቱ፦ ይህን ማንም አልነገረኝም። ሌላስ?

ባለጋራዡ፦ ዘይቱን ተመልከት፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ በፀሐይ ሲታይ እንደ ብር ቅንጣት ካብለጨለጨም ብረት ከብረት እየተፋቀ ነው። የፊቱን ከፍ አድርገህ ጎማዎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቅ፤ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማህ ኩሽኔታው ወይም መገጣጠሚያው አልቋል። የኋላውን አንሥተህ አሽከርክረው፤ በስፖርት ኳድ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያዞረው በካቴና የሚነዳ አንድ ወጥ ዘንግ ነውና፣ ከዝላይ ወድቆ ከተጣመመ ቸርኬው ሲወላገድ ታየዋለህ። ሻሲውን በባትሪ ብርሃን ፈትሽ፤ አዲስ ቀለም በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀባ ከበታቹ ብየዳ አለ። ስትነዳው ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ሙሉ ስጠው፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል፤ የአሸዋ ነጂ ሲቀበር ፍሪሲዮኑን ይዞ ነዳጅ የመስጠት ልማድ አለውና ይህ በዚህ ሀገር የተለመደ ሕመም ነው። ለኪራይ ሲሠራ የኖረ ኳድ ከሆነ ይህን ሁሉ ምርመራ እጥፍ አድርገው። የሻሲው ቁጥር ከወረቀቱ ጋራ መስማማቱን ግን ልነግርህ አይገባም፤ ልጅ አይደለህም።

ወጣቱ፦ ገንዘቡንስ እንዴት ልከፋፍለው?

ባለጋራዡ፦ ሁሉንም ለኳዱ አትስጥ። ከሦስት አንዱን ለይተህ አስቀምጥ፦ ለሄልሜት፣ አሸዋ ለማያስገባ መነጽር፣ ቁርጭምጭሚት ለሚሸፍን ጫማ፣ ለደረትና ለጀርባ መከላከያ፣ በረዥም ዘንግ ላይ ለሚውለበለብ ባንዲራ፣ ለሁለተኛ የአየር ማጣሪያም። እግርህ ከኋላ ጎማ ሥር እንዳይገባ የጎን ብረትና መረቡን አስገጥም፤ ስትወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው በእጅ የሚታሰር ገመድም ቢኖርህ መልካም ነው። እንደ መቅዘፊያ ጥርስ ያለው የአሸዋ ጎማ ግን ይቆይህ፤ ጉልበቱን ሁሉ ወደ መሬት ስለሚያወርድ፣ ጀማሪን ከመርዳት ይልቅ ያስደነግጠዋል። በፋብሪካው ጎማ አየሩን ወደ 4 ፒኤስአይ ግድም አውርደህ ጀምር፤ የመኪና መለኪያ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ግፊት በትክክል ስለማያነብ ለብቻው የተሠራውን ግዛ። በአስፋልት ላይም እንዳትወጣ፤ በተጎታች አስጭነህ ትሄዳለህ።

ወጣቱ፦ ይህ ሁሉ ወጪ! ለእናቴ የምልከውን የወር ገንዘብ ሊያስቀርባት ነው እኮ።

ባለጋራዡ፦ እግርህ ቢሰበር የሚቀርባት ስንት ወር እንደ ሆነ አስላ። በሰው ሀገር፣ በሥራ ውል ላይ ያለ ሰው አጥንቱ የራሱ ብቻ አይደለም። ይህንም ስል አትንዳ ማለቴ አይደለም፤ ሥራና እንቅልፍ ብቻ የሆነ ስደት ሰውን ያደርቀዋልና፣ የሚያስደስትህን ነገር በማግኘትህ ደስ ብሎኛል።

ወጣቱ፦ እሺ ጋሼ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በአሸዋው ላይ ሰው የሚሞተው በምኑ ነው?

ባለጋራዡ፦ አብዛኛውን ጊዜ በጫፉ፤ አንተ ራስህን ባየህበት። የአሸዋ ተራራ ሁለት ባሕርይ አለው፤ ነፋስ የሚመጣበት ወገን ዝግ ብሎ የሚነሣና ጠጠር ያለ ሲሆን፣ ነፋሱ አሸዋውን የሚጥልበት ወገን ግን ደረቅ አሸዋ ሳይናድ ሊቆም የሚችልበትን የመጨረሻ ተዳፋት ይይዛል፤ ይኸውም ወደ 34 ዲግሪ ነው። ከለዘብተኛው ወገን በሙሉ ጉልበት ወጥቶ ጫፉን እንደ ቀስት ያለፈ ሰው፣ ከማዶ የሚጠብቀው መሬት ሳይሆን አየር ነው፤ ወይም ደግሞ ከዚያው ሲወጣ የነበረ ባለ ስምንት ሲሊንደር ፓትሮል መኪና ነው። ስለዚህ ጫፉ ሲቀርብ በሰያፍ ትጠጋለህ፤ አይተህ ትሻገራለህ፤ ባንዲራህም ከአንተ አስቀድሞ ለማዶኛው ይታያል። ባለፈው ሳምንት የወጣኸውን ተራራ አውቀዋለሁ አትበል፤ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ሻማል ጫፉን አንሥቶ ሌላ ቦታ አኑሮት ይሆናል።

ወጣቱ፦ ጓደኞቼ ግን በቀትር ነው የሚወጡት፤ እስከዚያ ድረስ ይተኛሉ።

ባለጋራዡ፦ በቀትር ፀሐይ ከራስህ በላይ ስለምትሆን ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱም ኮረብታውም አንድ ሜዳ መስሎ ይታያል፤ ዐይንህ ደኅና ሆኖ ሳለ ዕውር ትሆናለህ። በማለዳ ግን፣ ጥላው ረዥም ስለሆነ የተራራው ጠርዝ እንደ ብዕር ጽሑፍ ተለይቶ ይታይሃል፤ የሌሊቱም ጤዛ አሸዋውን ስለሚያጠነክረው ጎማው እምብዛም አይሰምጥም። በማለዳ የወጣኸው ተራራ ከሰዓት በኋላ ቢያሸንፍህ ኳዱን አትውቀስ፤ አሸዋው ደርቆ ላልቷል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጀምረህ አምስት ሰዓት ላይ ጨርስ። ብቻህንም ፈጽሞ አትውጣ።

ወጣቱ፦ እንዲህ ከሆነ ሐሳቤን ልንገርዎት። የ2010 ሱዙኪ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ፤ የ2013 ራፕተርም ታይቶልኛል። ዋጋቸው እምብዛም አይራራቅም። እኔ አሁንም ወደ ራፕተሩ አደላለሁ።

ባለጋራዡ፦ አድላ። ግን ሁለቱም ሻጮች ለሙከራ ከፈቀዱ፣ በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ተዳፋት ላይ ትነዳቸዋለህ። ከታላቁ ተራራ ላይ አይደለም፤ ከበስተጎኑ ካሉት ከትንንሾቹ አንዱን እኔ እመርጥልሃለሁ። እስከ ወገቡ ትወጣለህ፤ አውቀህ ታቆመዋለህ፤ ሞተሩን ታጠፋለህ፤ ትወርዳለህ፤ አዙረህም አስነሥተህ ትመለሳለህ። ያንን በሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ አድርግ። ራፕተሩን ያለ እኔ እርዳታ ካዞርኸው፣ ግዛው፤ አፌን እዘጋለሁ።

ወጣቱ፦ ካላዞርሁትስ?

ባለጋራዡ፦ ሱዙኪውን ትገዛለህ፤ ከሁለት የብርድ ወቅት በኋላም ሸጠኸው ወደ ራፕተሩ ትሄዳለህ፤ ደኅና የተያዘ ባለ 400 ገዢ አያጣም። ለመቼ ይሁን?

ወጣቱ፦ ለቅዳሜ። ለሁለቱም ሻጮች ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ።

ባለጋራዡ፦ መልካም። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጋራዡ በር እንገናኝ፤ ፒክአፑን እኔ አመጣለሁ። አንተ ውሃና የጎማ መለኪያውን ያዝ፤ ሄልሜቱን ግን ነገውኑ ግዛ፤ በጭንቅላትህ ልክ የሆነውን፣ ስትነቀንቀው የማይዞረውን። በተውሶ ሄልሜት አላስወጣህም።